አባባ ፈረደ በማለዳ የመጡ ዕለት

ትምህርት ቤት ትንሽ ሲሆን ጥሩ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ግን ትንሽ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው። ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰው ሲፈልግ ይጠፋል። ትንሹ ውስጥ የት ትገቡና! ሽኩና ጊሜል፣ ሽኩና ሰፈር ማለት ነው፣ የሚገኘው የእኛው ሁለተኛ ደረጃ ያለው አንድ ኮሪደር፣ አንድ ደረጃና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ጠዋት ስትገቡ ዘበኛው ያያችኋል። ከዘበኛው ብታመልጡ ጸሐፊዋ በመስኮቷ ታያችኋለች። ከእሷም ብታመልጡ ቶስት የምትሸጠው ሴትዮ አለች፤ "ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ?" ብላ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ትጮኻለች።

እኔ እዚያ ከስምንተኛ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ከዚያ አገባሁ፤ ልጅ መጣ፤ ደብተሩ ተዘጋ። የምተርከው ጠብ የለም፣ የተወረወረ በር የለም። አንድ ሰኞ ቀረሁ፣ ማክሰኞም ቀረሁ፣ በቃ። እዚያ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትሁ ብትጠይቁኝ የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል። የክፍላችን አስተማሪ ሩቲ በየሴሚስተሩ ካርዴ ላይ አንድ ነገር ብቻ ትጽፍ ነበር። "ጥሩ ልጅ ናት፤ ጸጥተኛ ናት።" አባዬ ይህን ባስነበበ ቁጥር ደረቱን ይነፋል። ታዲያስ? እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በምን ትመሰገን ኖሯል? ሩቲ ግን እየተጨነቀች እንደምትጽፈው ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አዎ፣ ሩቲ። ያለ ማዕረግ፣ ያለ ምን። እዚህ አገር ተማሪ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው። እማዬ ይህን መጀመሪያ የሰማች ዕለት እኔን በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራት። እሷ እስከ ዛሬ "እመት ሩቲ" ነው የምትላት።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ እኔ አይደለም። ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ማንጠግቦሽ ነው። ስሟ ለዚህ አገር ምላስ ስለረዘመ ትምህርት ቤት "ማንቲ" ይሏታል። ሁለታችን ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን የሚጠራጠሩ አሉ። እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገረዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ሳትዘጋ ነው ወሬዋን የምትጀምረው፤ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ። እማዬ ግማሹን ትሰማለች። እኔ ልጄን ታቅፌ ሁሉንም እሰማለሁ።

አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። በዐሥር ደቂቃው ዕረፍት ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ሹሩባ ይሠራራሉ። አንድ ቀን የማንቲ ራስ በግማሽ እንደተሠራ ደወሉ ተደወለ። ምን ይደረግ? ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ወደ ሰማይ ቆሞ፣ ሒሳብ ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ሒሳብ የምታስተምረው ሩቲ ናት። ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዞር ስትል ያን ራስ ታየዋለች። መልሳ ጽፋ ዞር ስትል አሁንም ታየዋለች። በመጨረሻ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ "እባካችሁ አንዳችሁ ጨርሱላት፤ እኔ በዚህ ራስ ፊት ማስላት አልቻልሁም" አለች። ከኋላ ወንበር ሹሩባው እየተሠራ፣ ከፊት ሒሳቡ እየተሠራ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ማንቲ ያን ዕለት የተማርሁት ብቻ እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም ትላለች።

እንዲህ ስታወራኝ እስቃለሁ። እስቅና ደግሞ የሆነ ነገሬን እዚያ ኮሪደር ላይ ረስቼ የመጣሁ ይመስለኛል።

አሁን ቀረብ በሉ፤ ምስጢር አለኝ።

ማንቲ ታረፍድ ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እንዳይመስላችሁ። ትምህርት እንደተከፈተ ከሚውለው ከሱኮት በዓል ጀምሮ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሰዓቱ ገብታ አታውቅም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለባግሩት፣ ለመልቀቂያው ፈተና ማለት ነው፣ የቀራት ጥቂት ወር ነው። ብዙ የቀረ ተማሪ ፈተናው ላይ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። የምታረፍደው በማን ምክንያት ነው? በእኔ።

እኔና እማዬ ቢሮ እናጸዳለን። ሠራተኞቹን የሚወስደው ትራንዚት መኪና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ከሕንፃችን ሥር ጡሩምባውን ይነፋል። ባለቤቴና አባዬ የሌሊት ሥራ ናቸው፤ ረፋድ ላይ ነው የሚመለሱ። ታዲያ ልጄን ናታንን ማን ጋን ያድርስ? ማንቲ። ጋኑ፣ ሕፃናቱ የሚውሉበት ቤት፣ ያለው ሽኩና ሄ ነው፤ በአቅራቢያችን ቦታ አልተገኘም። የሚከፈተው ደግሞ ልክ የትምህርት ቤቱ ደወል በሚደወልበት ሰዓት ነው። እሱን አስገብታ፣ አልቅሶባት፣ አባብላ፣ አውቶቡስ ይዛ ስትመለስ ሒሳቡ አልቋል። እማዬ ልጁን ማንቲ እንደምታደርሰው ታውቃለች። ጋኑ ግን ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ የሚከፈት ይመስላታል። ማን እንዲህ ብሎ ነገራት? እኔው ነኛ!

ብናገር አባዬ ሥራሽን ተዪ ይለኛል። ሥራዬን ብተው ቤታችን እንዴት ይሆናል? ማንቲን አንድ ቀን "ልንገራቸው ይሆን?" አልኋት። "ዝም በይ፣ ዝም ማለት አይደል የምትችዪው?" አለችኝና ሳቀች። ዝም አልሁ። እኔ ያቋረጥሁትን እሷ እንድትጨርስ ከቤተሰቡ ሁሉ አብልጬ የምመኝ እኔ ነኝ። የማሰናክላትም እኔው።

ጸሐፊዋ ላረፈደ ሁሉ ምክንያቱን ጠይቃ ወረቀት ትሰጣለች። ማንቲ መጀመሪያ አውቶቡሱን አበላሸችው። ቀጥሎ ሾፌሩን አሳመመችው። አውቶቡሱም ሾፌሩም ሲያልቁባት ሊፍት ውስጥ ቀረሁ አለች። ጸሐፊዋም ቀና ብላ፣ "የኔ ቆንጆ፣ እኔም እኮ እዚያው ሕንፃ ነው የምኖረው፤ ሊፍት መቼ ገባልን?" አለቻት። ትንሽ ትምህርት ቤት አላልኋችሁም?

ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ለወላጆች፣ በዕብራይስጥ። ለወላጆች በዕብራይስጥ የሚጻፈውን ደብዳቤ በቤታችን የሚያነበው ማን ነው? ማንቲ። በሦስቱም ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ መልካም በዓል ተመኝቶልናል። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። "እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው! ለእኛ ለድሆቹ እንኳ ይጽፋሉ" ትላለች።

መልስ ሲያጡ እነሩቲ ቤት ድረስ ለመምጣት ቆረጡ። ቤት ድረስ ለመምጣት ደግሞ መገሸሩ ያስፈልጋል። መገሸር በትምህርት ቤቱና በእኛ መካከል ቆሞ የሚያግባባ ሰው ነው። የእኛ ትምህርት ቤት መገሸር አባባ ፈረደ ናቸው።

አባባ ፈረደን ማወቅ አለባችሁ፤ ያለ እሳቸው ይህ ወሬ አይገባችሁም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ በመሆኑ ሽኩናው መርዶ የሚያስነግረው በእሳቸው ነው። ጎንደር የቀረ ዘመድ ሞቶ ስልክ ሲደወል ሐዘንተኛው እንዳይሰማ ይደበቃል። ከዚያ አባባ ፈረደ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ይሄዳሉ። ገብተው፣ "እስቲ ተቀመጡ" ይላሉ። ሻይ አይጠጡም። አባወራው ካለ ይጠራ ይላሉ። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ይህ ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ሲታይ ሰው ምን ይሁን? ሴቶች መጋረጃ ገልጠው የትኛው መግቢያ እንደሚገቡ ያያሉ። እሳቸውም ያውቁታል፤ ያፍሩበታልም። ወዳጃቸውን ሊጠይቁ እንኳ ሲሄዱ ከታች ከመኪና ማቆሚያው ጀምረው "ለሰላም ነው! ለሰላም ነው የመጣሁት!" እያሉ እየጮኹ ነው የሚወጡ።

ያን ዕለት ግን አልጮኹም። ከጎናቸው ሩቲና ወጣቷ የትምህርት ቤት አማካሪ ነበሩ፤ በተማረ ሰው ፊት መጮኹ ነውር መሰላቸው።

ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ዓርብ ሥራም ትምህርትም የለንም። ለፔሳሕ በዓል፣ ለአይሁድ ፋሲካ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እንደ ሁሉም ሰው ቤቱን ገልብጠን እያጸዳንና ግድግዳ እየቀባን ነን። ሶፋው ወጥቷል፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ትልቁን መስታወት ቀለም እንዳይረጨው አንሶላ አልብሰነዋል። ሽታው እንዲወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ አንገትጌው የተቀደደ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች። አባዬ ጸሎት ቤት ነው፤ ባለቤቴ ገና ከሥራ አልገባም። ማንቲን ብሩሽ ግዢ ብለን ልከናታል። እኔ ናታንን ከቀለሙ ባልዲ እከላከላለሁ።

ቀና ስል በሩ ላይ አባባ ፈረደ ቆመዋል። ከኋላቸው ሩቲ። ከእሷ ኋላ ደግሞ ፋይል ያቀፈች ልጅ። ሦስቱም ፊታቸው እንደ ጨው ነጥቷል።

እኔ ወዲያው ገባኝ፤ የማርፈዱ ጉዳይ ነው። እማዬ ግን ሩቲን አላየቻትም፤ ያየችው አባባ ፈረደን ነው።

"ሻይ ላፍላ?" አለች።

"ግዴለም እቴ፣ አንጠጣም" አሉ አባባ ፈረደ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። "እስቲ ተቀመጡ። አባወራው የሉም? ቢጠሩ ጥሩ ነበር።"

እማዬ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቅ? ጎንደር የቀረ ወንድም አላት፤ ሙላት ይባላል። ወደዚህ ለመምጣት ስንት ዓመት ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ። ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትሰጋው ለእሱ ነው። "ወንድሜን! ሙላትዬን!" ብላ ጮኸችና ደረቷን መታች።

አባባ ፈረደ ደነገጡ። እሳቸው የመጡት ለሒሳብ ነው። ዙሪያቸውን አዩ። ፍራሽ መሬት ላይ፣ መስታወት ተሸፍኗል፣ ቀሚስ ተቀድዷል፣ በሩ ክፍት። ለካስ ሙላት ሞቶ፣ ተረድተው፣ ሐዘን ተቀምጠዋል! ከሁሉ ይልቅ የከነከናቸው ሌላ ነገር ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ነው የነገሩኝ። "እኔ እያለሁ ለዚች ሴት መርዶውን ማን ነገራት? ብዬ ቅር አለኝ" አሉ። ቅር ቢላቸውም ለቅሶ ላይ ደርሶ ማን ሞተ፣ መቼ ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል። ኮፍያቸውን አውልቀው "ወይኔ ሙላት!" አሉና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

አባባ ፈረደ ኮፍያቸውን አውልቀው ካለቀሱ ማን ይጠራጠራል? እኔም አለቀስሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ከማልቀሴ በፊት፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንዲት ቅጽበት እፎይ አልሁ። ለማንቲ አይደለም የመጡት ብዬ። አጎቴ ሞቶ እፎይ ያልሁ ሴት ነኝ። ከዚያ በራሴ አፍሬ ከሁሉም አብልጬ ጮኽሁ።

በእነሩቲም ወግ ሐዘንተኛ መስታወት ይሸፍናል፣ ልብሱ ይቀደዳል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ያዩት ሁሉ የሐዘን ቤት ነው። አማካሪዋ ፋይሏን ከጀርባዋ ደበቀች። ሩቲ እማዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት፤ ዓይኗ ዕንባ ሞላ። እማዬም በለቅሶዋ መሐል፣ "አይ እመት ሩቲ! ለእኔ ብላ ከትምህርት ቤት ድረስ ለመርዶ መጣች!" እያለች ትስማታለች። አባዬ ለቅሶውን ከደረጃው ሥር ሰምቶ እያለቀሰ ገባ። ለማን እንደሚያለቅስ እንኳ አልጠየቀም፤ ተቀመጠ።

ይህ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ብቻ በዚህ መሐል ማንቲ ብሩሿን ይዛ መጣች።

እስቲ በእሷ ዓይን እዩት። በሩ ላይ ስትደርስ ሩቲ መሬት ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ አማካሪዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ እናቷ ደረቷን ትመታለች፤ አባቷ፣ እህቷ፣ መገሸሩ ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። ምን ትበል? አባረሩኝ! ብሩሹን ወርውራ እማዬ እግር ላይ ተደፋች።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ! ሁለተኛ አላረፍድም! ደብዳቤዎቹም መልካም በዓል አልነበሩም! ሁሉንም እነግርሻለሁ!"

እማዬ ደረቷን መምታቷን አቆመች።

"ምን ትላለች ይቺ?" አለች እማዬ። "አጎቷ ሞቶ ስለ ደብዳቤ ታወራለች?"

"አጎቴ ሞተ? አጎቴ ሙላት?" ማንቲ አዲስ ለቅሶ ልትጀምር አፏን ከፍታ ቆመች። "ማን ነገራችሁ?"

እማዬ በጣቷ አባባ ፈረደን አሳየቻት። "እሳቸው ናቸዋ!"

"እኔ?" አባባ ፈረደ ከፍራሹ ተነሡ። "እኔማ ከእናንተ ነው የሰማሁ! እኔ የመጣሁት ልጅቷ ብታረፍድ ነው!"

አባዬ ቀስ ብሎ፣ "ታዲያ ሙላት መሞቱን ማን ያውቃል?" አለ።

የሚያውቅ አልነበረም። አባዬ ወደ ስልኩ ሮጠ። ያን ረዥም ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። እማዬ መነጋገሪያውን ከእጁ ነጠቀችው። ሁላችን ከበብናት፤ የሙላት ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

"ማን ነው በማለዳ የሚደውል? ምነው? ማን ሞተ?"

"አንተ!" አለችው እማዬ።

ከዚያ ወዲያ የተባለውን ማን ሰምቶ! እሷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እሱ ወዲያ ማዶ ይቆጣል። ብቻ ስትዘጋው "ጥርሱን ነው ያመመው! ጥርሱን ብቻ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

አባባ ፈረደ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ሥራ ሥራ ነው፤ የመጡበትን መናገር አለባቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቱ ከሱኮት ጀምሮ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሰዓቱ ገብታ እንደማታውቅ፣ ይህ ከቀጠለ ለሒሳብ ፈተና እንደማትቀመጥ አንድ በአንድ አስረዱ።

"ይኸው ነው?" አለች እማዬ። "ማርፈድ ብቻ ነው? እልልልልል!" ተነሥታ ሩቲን አገላብጣ ሳመቻት። አማካሪዋንም ሳመቻት፤ ፋይሉ ወደቀ።

ሩቲ ወደ አባባ ፈረደ ዞር ብላ፣ "በትክክል ተርጉመህላታል?" አለች።

"ቃል በቃል" አሉ አባባ ፈረደ።

ሩቲም ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን ፊቷ መልሶ የመምህር ፊት ሆነ። እሑድ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ መምህራኑ ይሰበሰባሉ አለች። የሚቀርብላቸው ምክንያት ከሌለ የማንቲ ስም ከፈተናው ይሰረዛል፤ እሷ ብቻዋን ልታስቆመው አትችልም። "ማንቲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አውቶቡስ አትበዪኝ፣ ሊፍት አትበዪኝ። ለምንድን ነው?"

ማንቲ፣ ያቺ ወሬኛ፣ ወለሉን እያየች ዝም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ስትል አየኋት። አንድ ጊዜ ብቻ በዓይኗ ጠርዝ ወደ እኔ አየች፤ ወዲያው መለሰችው። ልትሸፍነኝ ነው። ፈተናዋን መሥዋዕት አድርጋ እኔን ልታተርፍ።

"ሩቲ" አልሁ።

ሩቲ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ዞር ዞር አለች። ምን ታድርግ፣ ሰምታው አታውቅም።

ነገርኋት። በዕብራይስጥ፣ በተሰባበረው ዕብራይስጤ፣ ትራንዚቱን፣ ጋኑን፣ የደወሉን ሰዓት፣ እማዬን የዋሸኋትን ሁሉ። በመሐል ቃል ሲጠፋኝ ማንቲ ታቀብለኛለች። ከዚያ ዞሬ ለእማዬና ለአባዬ በአማርኛ ደገምሁት። አባዬ አንዴ አፉን ከፈተ፤ እማዬ ግን "ተው፣ ዛሬ ማንም አይቆጣም፤ ወንድሜ በሕይወት አለ" ብላ አስዘጋችው።

ሩቲ ወደ እኔ ዞረች። "ሦስት ዓመት ሙሉ እጅሽን እስክታወጪ ጠበቅሁሽ" አለች።

እኔ እጄን ያወጣሁ ያን ዕለት ነው።

እሺ፣ ምክንያቱ ታወቀ። ልጁንስ ማን ያድርሰው? ይህን ማንም ሳይጠይቅ በሩ ላይ ሱዛን ብቅ አለች። ሱዛን ከላያችን ያለችው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ናት፤ ጡረታ ወጥታለች። ለቅሶውን ሰምታ፣ በአገሯ ልማድ ለሐዘንተኛ የሚቀርበውን የተቀቀለ እንቁላል በትልቅ ሰሃን ይዛ መጥታለች። ደረጃው ላይ ቆማም ሁሉን ሰምታለች፤ ትንሽ ሕንፃ ነው።

"ልጁን ለእኔ ስጪኝ" አለችኝ። "እኔ ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ የማደርገው የለኝ፤ ይዤው እሄዳለሁ። ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?"

"ማንም" አልናት።

"ታዲያ ይህን ሁሉ እንቁላል ማን ይበላዋል?"

በላነዋ! ፍራሹ ላይ ተቀምጠን፣ መምህሯም፣ መርዶ ነጋሪውም፣ ያልሞተው ሰው እህትም፣ ጨው እየነካን በላን። ናታን ብቻውን ሁለት በላ።

እሑድ ማንቲ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ጸሐፊዋ ነገሩን አላምን ብላ ክፍሉ ድረስ መጥታ አይታት ሄደች አሉ። መምህራኑም የሩቲን ቃል ሰምተው፣ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ካላረፈደች ትቀመጥ ብለው ፈቀዱ። አንድ ቀን አላረፈደችም። ናታንም ሱዛን ላይ አያለቅስም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሩቲም ከዚያ ዓርብ የወሰደችው ትምህርት አለ። አባባ ፈረደን ይዛ ሁለት ቃል በአማርኛ አጠናች። ቤታችን ስትደውል፣ ለጉዞ ፈቃድም ይሁን ለተረሳ ሹራብ፣ ሻሎም ከማለቷ በፊት በዚያ በጉሮሮዋ፣ "ማንም አልሞተም!" ትላለች። እማዬም "ተመስገን!" ትላታለች። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ።

ፈተናው ከተሰጠ በኋላ፣ በበጋው መጨረሻ አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። እማዬ አነሣችው።

"ማንም አልሞተም!" አለች ሩቲ። ከዚያ በዕብራይስጥ ቀጠለች። እማዬ የምትሰማትን ያህል ሰማች፤ "ማንቲ" እና "ማቴማቲካ" የሚሉትን ለየች። መነጋገሪያውን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ "ምን ትላለች?" አለችኝ። ሰማሁና "አልፋለች እማዬ፣ ሒሳቡን አልፋለች" አልኋት። ደግመሽ ንገሪኝ አለች። ደግሜ ነገርኋት።

እማዬ መነጋገሪያውን ለቀቀችው። ለሙላት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ሕንፃው በሙሉ ሰማት። መነጋገሪያው በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ከውስጡ የሩቲ ድምፅ ይጮኻል። ያን ዓርብ ከእኛው አፍ ሰምታ ይሆናል የያዘችው፣ ማንም ያላስተማራትን አማርኛ ትናገራለች።

"ማን ሞተ? ማን ሞተ?"

አነሣሁት።

"ማንም አልሞተም ሩቲ" አልኋት።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሱዛን ናት። እንቁላል የሞላው ሰሃኗ ገና ይተናል።